ከዋኔ ወደ ግራር

መኪናው እንዳለው ከሆነ፣ አባቴ ከጠባሴ ወረድ ብሎ የተተከለውን ነጭ ድንኳን ሲያይ እንዲቆም ጠየቀው። መኪናውም ዳር ይዞ ቆመ፤ በሩን ከፈተ፤ ጠበቀ።

አባቴ እንዳለው ከሆነ፣ «አቁም» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። መኪናው በገዛ ፈቃዱ ቆመ፤ በሩንም በገዛ ፈቃዱ ከፈተ። «ድንኳን ደጃፍ ላይ በር ተከፍቶልህ፣ ሰው እያየህ፣ እግርህን ሰብስበህ ትቀመጣለህ? ወረድኩ እንጂ ምን ላድርግ!»

ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቄአለሁ። አንድ ላይ አድርጌም ጠይቄአለሁ። ቃላቸውን አልቀየሩም። መኪና አይዋሽም ይባላል። አባቴ መዋሸት ይችላል፤ ግን ሰው እንዳያፍር ብሎ ካልሆነ በቀር ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ይስማማሉ። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ነገር አለ። አባቴ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ ዝም ያሉት ጆሯቸው ውስጥ የሚነገረውን ማስታወቂያ እያዳመጡ መሆኑን አላወቀም። ጥቂት ቆይቶ አጠገቡ ወዳለው ሰው ጠጋ አለና፣

«ገና አልወጣም እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«አሁን ይገለጣል» አለው ሰውየው።

ይህ አባቴን ደስ አላሰኘውም። ሬሳ ሰው ፊት የሚገለጥበት አገር ሰምቶ አያውቅም። ትልቅነቱም አስገርሞታል። «ምን ዓይነት ግዙፍ ሰው ነበር እያልኩ ነበር» ብሎኛል። ፈንዲሻ ሲያዞሩ ደግሞ ባሰበት። ለቅሶ ቤት ንፍሮ እንጂ ፈንዲሻ አይበላም። ቢሆንም እንዳያስቀይማቸው ጥቂት ዘገነ።

ከዚያ ጨርቁ ተነሣ። ሰዉ አጨበጨበ። ከሥሩ ግራር የሚባለው፣ ሰባት ወንበር ያለው አዲሱ መኪና ወጣ።

«ሲያጨበጭቡ ነው የገባኝ» አለኝ። «መግባቱስ ገባኝ፤ ግን ብድግ ብዬ ልውጣ? ልጅቷ ውኃ አምጥታልኛለች።»

ልጅቷ ረድኤት ትባላለች፤ የግራር ሠራተኛ ናት። ሽማግሌው ምን ብሎ እንደገባ ሰምታለች። «አባባ፣ ይሄ ለቅሶ አይደለም» ማለት ግን አልቻለችም። ውኃውን ሰጥታው አጠገቡ ተቀመጠች፤ አንገቷንም አብራው ደፋች። ሊወጣ ሲል የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱም ሐዘንተኛ ስም የሚመዘግብ መስሎት ሙሉ ስሙን ከነሰፈሩ ነገራት። የቤታችን ስም ግራር ዘንድ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

እኛ ያን ጊዜ የዋኔ ቤት ነበርን።

አንድ ቤት የአንድ መኪና ብራንድ ነው። የትምህርት ቤቱ በር፣ የጤና ጣቢያው መግቢያ፣ የገበያው መቆሚያ ሁሉ በብራንድ የተለየ ነው። ልጃችን ሶልያና ትምህርት ቤት ደርሳ «የማን ልጅ ነሽ?» ስትባል «የዋኔ» ነው የምትለው። የእኔ ስም ቀጥሎ ይመጣል። መጀመሪያ ስሰማት ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን የጎረቤት ልጆችም እንዲሁ እንደሚሉ ስሰማ ተውኩት።

ተማሪ ሳለሁ አንበጣ ነበርኩ። አንበጣ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቦርሳ እንኳ ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው። ቤዛን ካገባሁ በኋላ ወደ ዋኔ ተዛወርን። ዋኔ ባለ አራት ወንበር ነው፤ ትንሽ፣ ዝምተኛ፣ ዳገት የማይፈራ። ሁለታችን ነበርን፤ አባቴ መጣ፤ ሶልያና ተወለደች። ሞላ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ዋኔ ሶልያናን ትምህርት ቤት ካወረደ በኋላ ከቆመበት አልተነሣም።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። «ቤተሰባችሁ ከእኔ አቅም በላይ ሊሆን ነው። እስከ ዛሬ ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ቤዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እውነት ነው?» አልኳት።

«እኔም ገና እየጠረጠርኩ ነበር» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቋን አቋርጣ ወንበሩን አየችው። «ቀደመኝ።»

እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅነውም። ማንም አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ግን ቤዛ መኪናው ውስጥ ስትቀመጥ ቀስ ብላ ነበር፤ ክብደቷን የምትደብቅ ይመስል።

ወንበር የሌለው ሰው በመኪና አይሄድም። ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ መሄድ ድሮ የቀረ ነገር ነው። ዋኔ ደግሞ ከአራት ወንበር በላይ አይሠራም። ስለዚህ ልጁ ሳይወለድ ወደ ሌላ ብራንድ መዛወር ነበረብን። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ልጆች ሲበዙ ወደ ግራር፣ ልጆች አድገው ሲወጡ ተመልሶ ወደ ዋኔ፣ በመጨረሻም ወደ አንበጣ። ከኛ ቤት ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ ባላቸው በሞቱ በአርባው ማግስት ገበያ ሊሄዱ ሲገቡ መኪናቸው «ቤተሰብዎ አንሷል» አላቸው። ድምፁ በጣም ለስላሳ ነበር አሉ። እሳቸውም «አመሰግናለሁ» ብለውት ገበያ ሄዱ።

ስትዛወር የድሮው መኪና ይረሳሃል። አንዱ ብራንድ ስለ ቤትህ ያወቀውን ለሌላው አያስተላልፍም፤ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ተገቢም ይመስለኛል። አዲሱ መኪና ሁሉንም ከባዶ ይማራል። ለብዙ ቤት ይህ የጥቂት ሳምንት መንገጫገጭ ነው። ለእኛ ግን አባቴ አለ።

አባቴ አቶ ሳምሶን ሰው መኪናን በእጁ በሚነዳበት ዘመን መንዳት አስተማሪ ነበር። የደብረ ብርሃን ሽማግሌዎች ዛሬም ድረስ «ቲቸር» ነው የሚሉት። ከእሱ ጋር ጋሽ ዘካርያስና ጋሽ ታምሩ የሚባሉ ሁለት ጓደኞቹ በዚያው ማሠልጠኛ ያስተምሩ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሦስቱ ጋሽ ዘካርያስ ቤት እየተሰበሰቡ ዳማ ይጫወቱ፣ ይሰዳደቡ፣ የማን ተማሪ ስንት አጥር እንዳፈረሰ ይከራከሩ ነበር።

አባቴ መርሳት የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ጋሽ ዘካርያስ አምና ክረምት ሲያርፉ ቀብሩ ላይ ነበር፤ በዝናብ ቆሞ እስከ መጨረሻው ጠብቋል። በሳምንቱ ለብሶ ወጣ፤ ዋኔ ውስጥ ገባ፤ «ዘካርያስ ቤት» አለ።

ያን ቀን ዋኔ እውነቱን ነገረው። መንገድ ላይ፣ ብቻውን በተቀመጠበት፣ «አቶ ዘካርያስ አርፈዋል» አለው። አባቴ መኪናው ውስጥ አለቀሰ። ዋኔ መስታወቶቹን አጨልሞ፣ ዳር ይዞ ቆሞ፣ እስኪጨርስ ጠበቀውና ቤት አመጣው። በማግስቱ አባቴ ሁሉንም ረስቶ እንደገና ለብሶ ወጣ።

ቤዛ ስትሰማ እንባዋ መጣ። «መርዶ እንዲህ ይነገራል?» አለች። «ሰው ግራና ቀኝ ሳይዘው? ዘመድ ሳይሰበሰብ? እናቴ የወንድሟን ሞት ስትረዳ ጎረቤት ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ነበር።»

ዋኔ ሰምቷል መሰለኝ። በሌላ ቀን ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ «ለአቶ ሳምሶን ሌላ መንገድ ልሞክርላቸው?» ሲል ጠየቀን። እሺ አልን። ከዚያ ወዲህ አባቴ «ዘካርያስ ቤት» ሲለው ዋኔ ጋሽ ታምሩ ቤት ይወስደዋል። ጋሽ ታምሩ በር ላይ ይጠብቁታል፤ ዳማው ተዘርግቷል። አባቴ «ዘካርያስስ?» ይላል፤ «ይመጣል» ይሉታል፤ ይጫወታሉ። ቤት የሚመለሰው አሸንፎም ተሸንፎም ደስ ብሎት ነው።

ይህን ያሰበው ራሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። በቤተ ክርስቲያን በኩል ስናልፍም እንዲሁ ነው፤ ሥላሴ ደጃፍ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንገታችንን ስንደፋ አይቶ የለመደው ነገር ነው። ከመኪና ሲወርድ «አመሰግናለሁ» የሚል ሰው ድሮ ይስቁበት ነበር። እኔ ሁልጊዜ እላለሁ። ከልቤም ነው።

ረድኤት ቤታችን የመጣችው ኅዳር ላይ ነው። አባቴ በር ከፍቶላት ትንሽ አያትና ፊቱ በራ።

«አንቺ የሐዘንተኞቹ ልጅ አይደለሽም?» አላት። «እንዴት ሆናችሁ? ተጽናናችሁ?»

ወደ እኛ አየች። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

«ተጽናንተናል አባባ» አለች። «እግዜር ይስጥልን፤ ስለመጡልን።»

አባቴ ሶልያናን ይዞ ወደ ግቢ ከወጣ በኋላ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ያን ቀን ልነግራቸው አፍሬ ነው፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ሐዘንተኛ ሆኜ ቀረሁ።»

ቤዛ እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ ስለ ዋኔና ስለ ጋሽ ዘካርያስ ነገርናት፤ ግራርም እንዲሁ እንዲያደርግ ከመጀመሪያው ይነገረው እንደሆነ ጠየቅናት።

ረድኤት ቀጥላ የተናገረችው የተለማመደችው ሳይሆን የከበዳት ነገር ነበር። «ግራር ተሳፋሪው ራሱ ካልፈቀደለት አይሸሽግም። መጀመሪያ የገባ አዋቂ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ በራሱ አንደበት፣ ድምፁን አውጥቶ ይመልሳል። ልጅም ሚስትም አይመልስለትም። ከዚያ በኋላ የተናገረውን የሚቀይረው እሱ ብቻ ነው።»

«ጥያቄው ምንድን ነው?» አልኳት።

«‹ወደሌለ ሰው ውሰደኝ ቢሉኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ ወይስ ልለፈው?› ነው የሚለው።»

«ጥያቄው ራሱ መርዶ ነው እኮ!» አለች ቤዛ። «እሳቸው ‹የሌለው ማነው?› አይሉም?»

«ይላሉ» አለች ረድኤት። «ብዙዎቹ ይላሉ።»

«እና ምን ይላቸዋል?»

«ይነግራቸዋል።»

ሌላም መንገድ ነበር፤ ረድኤት ሐቀኛ ስለሆነች አልደበቀችንም። አባቴ ለብቻው አንድ ቤት ተብሎ ቢመዘገብ ዋኔ ለእሱ ይቀርለታል። እኛ አራታችን ግራር እንሆናለን። የምንኖረው እዚያው አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ብቻ የብቻ ቤት ሰው የግራርን የትምህርት ቤት በር አያልፍም፤ ስለዚህ ሶልያናን ማምጣት ይቀርበታል፤ ቤዛ ስትወልድም ሊጠይቃት የሚመጣው እንደ እንግዳ በሌላኛው በር ነው።

«አባባን የብቻ ቤት?» አለች ቤዛ። «እኔ ቤት እየበሉ እየጠጡ?»

«በመዝገብ ብቻ ነው እኮ» አልኩ። ሁለቱንም ወገን መመዘን ልማዴ ነው። «እሱ ሳያውቅ ጓደኞቹ ይቆዩለታል። ማወዳደር ይገባናል።»

«አወዳድር። ስትጨርስ ለሶልያና አንተው ራስህ ንገራት።»

አወዳድሬ አልጨረስኩም። በዚያው ሳምንት ጋሽ ታምሩ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው፤ የዳማውን ጠጠር በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ቲቸርስ? ፈርቶ ቀረ?» አሉኝ። «ባለፈው እንዴት እንደ ገረፍኩት ነግሮሃል?»

«አሸነፍኩ ነው ያለን።»

«አየህ! የሰው ስም ይረሳል፤ ውሸት ግን አይረሳም።» ሳቁና ጎናቸውን መታ መታ አድርገው አስቀመጡኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አንድ ጠጠር ሁለት ጊዜ ወለወሉ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። «‹ዘካርያስስ?› ይለኛል። ‹ይመጣል› እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ እሺ ብሎ ይጫወታል። አንዳንዴ ግን ቀና ብሎ ያየኛል። ‹አይ ታምሩ!› ይላል፤ ከዚያ ቀድሞ ጠጠር ያነሣል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።»

«ለምን አልጠየቁትም?»

«አንተ ብትሆን ትጠይቅ ነበር?»

አልጠይቅም ነበር።

የርክክቡ ቀን ቅዳሜ ነበር። የዋኔና የግራር ግቢ ጎን ለጎን ነው፤ መሃላቸው ያለው የሽቦ አጥር ብቻ ነው። በአንዱ በር ገብተህ፣ በእግርህ አጥሩን አልፈህ፣ በሌላው በር ትወጣለህ። ለአባቴ መኪና ልንቀይር እንደምንሄድ ነግሬዋለሁ፤ ጥያቄ እንዳለም ነግሬዋለሁ። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ወደ ሌላ ወሬ ገባሁ። ቤዛም ሞክራለች። እሷ የገባችበት ወሬ ስለ አየሩ ነበር።

ሥላሴ ደጃፍ ስንደርስ ዋኔ ቀስ አለ። አራታችንም አንገታችንን ደፋን። ግቢው ገብቶ ሲቆም እንደ ወትሮው በሩን አልከፈተም።

«አሁን ልርሳችሁ ወይስ ስትወርዱ?» ሲል ጠየቀ።

«አትርሳን!» አለች ሶልያና።

«ይቅርታ ሶልያና። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የምትመርጡት።»

«ስንወርድ» አልኩ። ከዚያ ሌላ ጊዜ እንደሌለኝ ገባኝና ጠየቅሁት። «የድንኳኑን ቀን ድምፅ አሰማን። አባቴ ምን ነበር ያለው?»

«ኧረ ተወው አንተ ልጅ» አለ አባቴ፤ ግን ጆሮውን አቅርቧል።

ዋኔ አሰማን። መጀመሪያ የጎማ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ የአባቴ ረጅም ትንፋሽ፤ ከዚያ ለራሱ የሚናገር ድምፅ፦ «ወይ ጉድ… ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ እንዲህ ዝም ብሎ ማለፍ…» ከዚያ መኪናው ሲቆም፣ በሩ ሲከፈት፣ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ አባቴ፣ በሌላ ድምፅ፣ ድሮ ልጅ ሳለሁ በማውቀው ድምፅ፦ «እሺ… ይሄም ጥሩ ነው።»

«አየህ!» አለ አባቴ እጁን እያጨበጨበ። «አቁም አላልኩም! አልኩ?»

«አላልክም» አልኩ። ዋኔም እውነቱን ነው፤ እንዲህ ሲተነፍስ የሰማ ሰው ሁሉ ያቆም ነበር። «ታዲያ ካላልክ፣ ለምን ‹ይሄም ጥሩ ነው› ብለህ ወረድክ?»

«ከፈተልኛ!» አባቴ በጥያቄዬ የተገረመ ይመስላል። «ተማሪ ተሳስቶ ሲታጠፍ መሃል መንገድ ላይ ትጮህበታለህ? ይደነግጣል እኮ። ዝም ትለዋለህ፤ የደረሰበት ድረስ ትሄድለታለህ፤ ‹ይሄም መንገድ ጥሩ ነው› ትለዋለህ። ስንቱን አሽከርካሪ ያወጣሁት በዚህ ነው። ይሄስ ልጅ ቢሆን» አለና የዋኔን ፊት ለፊት በመዳፉ ነካ ነካ አደረገው፣ «ዘካርያስ ቤት ስለው ታምሩ ቤት ይወስደኝ የለ? ምን ልበለው? ‹ይሄም ጥሩ ነው› እያልኩ እወርዳለሁ።»

ቤዛ እጄን ያዘች።

«አባዬ» አልኩ። «ጋሽ ዘካርያስ…»

«አውቃለሁ» አለ።

መዳፉን ካሳረፈበት አላነሣም። «አንዳንድ ቀን አውቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን አላውቅም። ሳላውቅ፣ ልጁ መንገድ ተሳስቶ ነው እላለሁ። ሳውቅ ደግሞ ለእኔ ተጨንቆ ነው እላለሁ። በሁለቱም ላሳፍረው አልፈለግሁም። እናንተንም። ያን ታምሩንም፤ እሱማ ውሸት ሲናገር ጆሮው ይቀላል።»

ይህን ሁሉ ወር እኛ እሱን ስንጠብቅ እሱም እኛን ሲጠብቅ ኖሯል። ቤዛ መሐረቧን ስትፈልግ ሶልያና የራሷን ሰጠቻት።

ወረድን። አባቴ የመጨረሻው ሆኖ ወረደና ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ «በርታ ልጄ። ፈተናውን አልፈሃል» አለው።

«አመሰግናለሁ፣ አቶ ሳምሶን» አለ ዋኔ።

በሩ ተዘጋ። መብራቱ ጠፍቶ በራ። ከአጥሩ ማዶ ሆነን ስናየው አዲስ የተጋቡ የሚመስሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወደ እሱ ሲመጡ አየን፤ ልጅቷ የወንበሩን ልስላሴ በእጇ ትሞክራለች። ዋኔ እንኳን ደህና መጣችሁ ሲላቸው ይሰማል። ድምፁ ለእኛ ሲል የነበረው ነው። ደግ መኪና እንደደረሳቸው ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ አጥሩ ባይኖር እነግራቸው ነበር።

ግራር ሰፊ ነው። አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ከኋላ የሕፃኑ ወንበር፣ ገና ማንም ያልተቀመጠበት፣ ቀበቶው ታስሮ ይጠብቃል። ሶልያና ከሰባቱ ወንበር በአምስቱ ላይ በየተራ ተቀመጠች። ረድኤት በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

እኔና ቤዛ ቀድመን መለስን። ቤዛ «ንገረኝ» አለች። እኔም «ንገረኝ» አልኩ፤ ስመልስ ሁለቱንም አመዛዝኜ ነበር። ከዚያ ግራር ወደ አባቴ ዞረ ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ከእሱ ወንበር አጠገብ መጣ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ሳምሶን። ወደሌለ ሰው ውሰደኝ ቢሉኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ ወይስ ልለፈው?»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ስትነግረኝ የት ሆነን ነው?» አለው።

«ጥያቄው በቀረበበት ቦታ።»

«መንገድ ላይ?»

«አዎ።»

«ብቻዬን ብሆንም?»

«አብሮዎት ሰው ከሌለ፣ አዎ።»

አባቴ ወደ ረድኤት ዞረ። «የኔ ልጅ፣ ይሄን ማነው ያሳደገው?»

ረድኤት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሞልቷል። «እኛው ነን አባባ።»

«መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል? ለሰው ብቻውን ይነገራል?»

«አይነገርም አባባ።»

«እባክዎ ‹ንገረኝ› ወይም ‹እለፈው› ይበሉ» አለ ግራር።

«ችኩል ነው» አለ አባቴ። «እንዲህ ያለ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። ይለምዳል።»

ከዚያ ጀርባውን ከወንበሩ አላቀቀ። ልጅ ሳለሁ ከኋላ ተቀምጬ ሲያስተምር አየው ነበር፤ ተማሪው መሪውን ከመጨበጡ በፊት እንዲህ ቀና ብሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቃሉን ለይቶ ነበር የሚናገረው። አሁንም እንደዚያው ሆነ፤ ድምፁ ከግቢው ማዶ ይሰማል።

«ንገረኝ» አለ። «ግን ስማኝ። ዘካርያስ ቤት ስልህ፣ መጀመሪያ ታምሩ ቤት ውሰደኝ። ታምሩ ወጥቶ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ያን ጊዜ ንገረኝ።»